ለእንጀራ ቤት የታሰበ የወታደር ጀነሬተር፤ ቴስተሩ ለምን ዜሮ አነበበ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደምበጫ እንጀራ ቤት አለኝ። መብራት እየጠፋ ደንበኛ ሲያመልጠኝ ጀነሬተር መፈለግ ጀመርኩና አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አረንጓዴ የወታደር ጀነሬተር አየሁ። ከጨረታ ያወጣሁት ነው ይላል። ታርጋው ላይ ኤምኢፒ 803ኤ፣ 10 ኪሎ ዋት የሚል አለ። ሲያስነሳው ይነሳል፤ ማብሪያውን ሲለቀው ግን አንዳንዴ ወዲያው ይጠፋል። ሳይጠፋ የቀጠለ ጊዜ ደግሞ ወንድሜ በቴስተር ቢለካው ዜሮ ሆነ። ነጋዴው ‹ኤቪአሯ ነች፣ ቀላል ናት› ብሎ ዋጋ ቀነሰልኝ። ያሉኝ ሦስት ምጣድ፣ አንድ የሊጥ ማቡኪያና አንድ ፍሪጅ ናቸው። ልግዛው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቀብድ ካልሰጠሽ ገና አትስጪ። ማሽኑ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ይነሳና ይጠፋል፣ ቴስተር ዜሮ ያነባል ያልሽው ሁለቱም ምልክት ጀነሬተሩ ተበላሽቶ ሊመጣ ይችላል፤ አነሳሱን ባለማወቅም ልክ እንዲሁ ይመጣል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቴስተርና የራስሽ ምጣድ ይበቃሉ። ነጋዴው «ኤቪአሯ ነች» (የጀነሬተሩን ቮልት የምትቆጣጠረው ሳጥን ማለቱ ነው) ያለውን ግን ለጊዜው ተይው። ጀነሬተር ቮልት እምቢ ካለ አገሩ ሁሉ ኤቪአር ነው የሚለው።

መጀመሪያ ስለ አነሳሱ። 803ኤ የአሜሪካ ጦር ጀነሬተር ነው፤ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሊስተር ፔተር ነው። ዋናው ማብሪያ አራት ቦታ አለው፦ ማቆሚያ፣ ሁለት ማስኬጃ (አንዱ ከራሱ ጋን፣ ሌላው ከውጭ በርሜል ናፍጣ የሚስብበት)፣ መጨረሻ ላይ ማስነሻ። የመኪና ሰው ሞተሩ እንደጮኸ ቁልፉን ይለቃል፤ ሞተሪኖው እንዳይፋጭ እጁ የለመደው ነው። እዚህ ላይ ግን ቶሎ መልቀቅ ጥፋት ነው። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ሞተሪኖውን የሚያላቅቅ የራሱ መቆጣጠሪያ ስላለው ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ምንም አይጎዳውም። እንዲያውም መያዝ አለበት፤ ያ የማስነሻ ቦታ ሞተሪኖውን ከማዞር ሌላ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ የዘይት ግፊት እስኪመጣ ድረስ የግፊት ጠባቂው ሞተሩን እንዳያጠፋ ያልፈዋል። ሁለተኛ፣ ከባትሪው ትንሽ ዲሲ ወደ ጀነሬተሩ ማነሳሻ ጥቅል (ማግኔት ወደሚሆነው የሽቦ ጥቅል) ይልካል። ዓመታት መጋዘን የቆመ ጀነሬተር ውስጡ የቀረው ማግኔት ይደክማል፤ ይህ ከባትሪ የሚላከው ምት ካልቀሰቀሰው ሞተሩ ሙሉ ቀን ቢዞር ቮልት አይወጣውም።

ስለዚህ ነጋዴውን «እኔ ላስነሳው» በይው። ሞተሩ ሲነሳ ማብሪያውን እዚያው ያዢው፤ ዓይንሽን የዘይት ግፊት ሜትሩና የቮልት ሜትሩ ላይ አድርጊ። ሁለቱም መርፌ ከፍ ሲሉ ልቀቂ። ግማሹ ችግርሽ እዚያው ሊያልቅ ይችላል።

ግፊቱ ከፍ ብሎ እያለ ስትለቂ ከጠፋ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የግፊት ጠባቂዋ ትንሽ ሴንሰር ወይም ሽቦዋ ጋ ነው፤ ርካሽ ነገር ነው። ሜትሩ ራሱ ዝቅ ብሎ ከቀረ ግን ሜትሩ እንዳልዋሸ በሌላ ሜትር አረጋግጪ። ግፊቱ በእርግጥ ዝቅተኛ ከሆነ ሞተሩ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው፤ ጥለሽው ወደ ቤትሽ ግቢ።

እዚህ ጋ አንድ ተንኮል ልንገርሽ። ፓነሉ ላይ ክዳን ያላት አንዲት ማብሪያ አለች። ጦር ሜዳ ላይ «ሞተሩ ይቃጠል፣ ራዳሩ ግን እንዳይጠፋ» ሲባል የምትበራ ናት፤ አብዛኛውን ጠባቂ ሴንሰር ታልፋለች። ዘይት የሌለው ወይም የሚፈላ ሞተር በእሷ ተገፍቶ ገዢ እስኪሄድ ድረስ ሲያጓራ ይቆያል። ክዳኗን በጣትሽ ንኪና መዘጋቷን እዪ። ከአጠገቧ የብልሽት መብራቶች ሰንጠረዥ አለ፤ ዘይት፣ ሙቀት፣ ናፍጣ፣ ከልክ ያለፈ ፍጥነት፣ ትርፍ ቮልት፣ ዝቅተኛ ቮልት እያለ ሞተሩን ማን እንዳጠፋው ወይም የሚወጣውን መብራት ማን እንደቆረጠው ይናገራል። መሞከሪያ ቁልፉን ስትጫኚ ሁሉም መብራት ሊበራ ይገባዋል። ያልበራ ካለ አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል፤ ወይም አንድ ሰው ሆን ብሎ አውጥቶት ይሆናል።

አሁን ወደ ዜሮው። ወንድምሽ የለካው የት ነው? ኬብል የሚታሰርባቸው ትላልቅ ምሰሶዎች ላይ ከሆነ ዜሮ ማንበቡ አይገርምም። በጀነሬተሩና በምሰሶዎቹ መካከል ኮንታክተር (መስመሩን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ትልቅ ማብሪያ) አለ፤ ፓነሉ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ካልዘጋችው ምንም አይወጣም። ማብሪያዋ ስትለቀቅ ወደ መሐል ትመለሳለች፤ ወደ መዝጊያው በኩል ገፋ አድርገሽ ጥቂት ይዘሽ ነው የምትለቂያት። ኮንታክተሩ ሲዘጋ ከውስጥ «ቋ» የሚል ጠንካራ ድምፅ ይሰማል፤ መብራቷም ትበራለች።

በዚህች ማብሪያ እኔም አፍሬባታለሁ። ከዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ አንድ ግቢ ይህንኑ ዘር ልጠግን ተጠራሁ። ዜሮ ነው። ኤቪአር አዘዝኩ፣ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ገጠምኩ፣ አሁንም ዜሮ። ላብ በላብ ሆኜ የኋላውን ክዳን ፈትቼ ተንጋልያለሁ። አጠገቤ ቁልፍ የሚያቀብል ልጅ ሥራ ፈትቶ «ጋሼ ይቺስ ምንድን ናት?» ብሎ ገፋት። ቋ! ቴስተሬ 240 አለ። የድሮውን ኤቪአር መልሼ ብገጥመው እሱም ይሠራል። ለባለቤቱ ምን ብዬ እንደነገርኩት አትጠይቂኝ።

የፓነሉ ቮልት ሜትርም ሊያሳስት ይችላል። የትኛውን ፌዝ እንደሚያነብ የሚመርጥ መዞሪያ አለው፤ የጀነሬተሩ አቀማመጥ ከመዞሪያው ካልገጠመ ሜትሩ ዜሮ ወይም ግራ የሚያጋባ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ እውነቱን በራስሽ ቴስተር ምሰሶዎቹ ላይ፣ ኮንታክተሩ ተዘግቶ እያለ ለኪ።

ማብሪያውን በደንብ ይዘሽ፣ ኮንታክተሩም ተዘግቶ፣ አሁንም ዜሮ ከሆነ ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘሽ ሂጂ። የሚሠራው አጭር ሙከራ አለ። ሞተሩ ቆሞ እያለ ከኤቪአሩ ወደ ማነሳሻው ጥቅል የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ይነቅላል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ ሸክም ሳይኖረው፣ ለሁለቱ ሽቦዎች ከ12 ቮልት ባትሪ በመኪና አምፖል በኩል ለአፍታ ይሰጣቸዋል። ቮልቱ ብድግ ካለ ጀነሬተሩ ራሱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ኤቪአሩ ወይም ኤቪአሩን የሚመግበው መስመር ነው፣ ነጋዴውም ልክ ነበር ማለት ነው። ካልተነሳ ግን ወይ ከዘንጉ ጋር የሚዞሩት ዳዮዶች ናቸው ወይ ጥቅሉ ነው። ዳዮድ ይተካል። ጥቅል ከተቃጠለ ማስጠቅለል የግድ ነው፤ ያን ጊዜ የነጋዴው ቅናሽ እንደማይበቃ እወቂ። በአፍንጫሽም ፈትሺ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታው ከዓመት በኋላም አይለቅም።

ናፍጣውን ቶሎ ልለፈው። ወደ ማስኬጃው ቦታ ስታዞሪ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የኤሌክትሪክ ፓምፑ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። ከፊልትሮው ግርጌ አንድ ብርጭቆ አስቀጂ። ናፍጣው ከላይ፣ ውሃው ከታች ሆኖ ይለያል። ጥቁር ንፍጥ የሚመስል ነገር ካየሽ ናፍጣ ተቀምጦ ሲያረጅ የሚያበቅለው ሻጋታ ነው፤ ጋኑ ሳይታጠብ ፊልትሮ ብቻ ቢቀየር በሳምንቱ ይደፈናል። ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያጓራ ከሆነ ብዙ ጊዜ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፤ ካልሆነ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ዘንግ ዝጎ ተይዟል። ባትሪው ሁለት 12 በአንድ መስመር ተያይዞ 24 ቮልት ነው። «ከመኪናዬ ላስነሳልሽ» ብሎ ባለ 12 ይዞ የሚመጣ ደግ ሰው ካለ አመስግነሽ መልሺው። ሞተሩ እየሠራ ሁለቱ ባትሪዎች ላይ አንድ ላይ ስትለኪ 28 ግድም ካየሽ ዲናሞው ይሞላል። ጭራሽ ካልዞረ ደግሞ ሞተሪኖውን ከመርገም በፊት ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለችውን፣ ለጥገና ጊዜ ሞተሩን ያለ ናፍጣ የምታዞረውን ማብሪያ እዪ፤ «ዝግ» ላይ ረስተዋት ሊሆን ይችላል።

የታርጋውን ነገር ግን በጥብቅ ነው የምልሽ። 803 መሆኑን በዓይንሽ አይተሻል ወይስ ነጋዴው ነው ያነበበልሽ? ከ803ኤ ጋር መንትያ የሚመስል 813ኤ የሚባል አለ፤ ቀለሙ፣ ቁመቱ፣ ፓነሉ፣ ሁሉ ነገሩ ለዓይን አንድ ይመስላል። 803ኤ 60 ኸርዝ ያወጣል (ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው)፤ 813ኤ 400 ኸርዝ። አራት መቶው ለራዳርና ለአውሮፕላን መሣሪያ የተሠራ ነው። ቢቸና በኩል አንድ ወፍጮ ቤት ይህ ነገር ገጥሞኛል። ባለቤቱ «ቮልቱ ልክ ነው፣ ሞተሬ ግን አይዞርም» ይለኛል። ስደርስ የወፍጮው ሞተር እንደ ፌንጣ ሲር ይላል እንጂ ቀበቶውን ንቅንቅ አያደርገውም። ቮልቱ በእርግጥ ልክ ነው። ኸርዝ ያለውን ቴስተር ስሰካ 400። ባለ አራት ፖል ሞተር በዚያ ኸርዝ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ዙር እየተባለ ነው፤ ከየት አምጥቶ ይነሳል? የሚጠገን ነገር የለውም፤ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ የእኛ አይደለም እንጂ። የፓነሉ የኸርዝ ሜትርም ይናገራል፤ የሚያነበው ሲጠፋ ነው ችግሩ።

60ውስ? የእኛ መስመር 50 ነው። ለምጣድ ኸርዝ ምኑም አይደለም፤ ምጣድ ሸክላ ውስጥ የተቀበረ የሚግል ሽቦ ነው፣ 50 ይሁን 60 አያውቅም። የሚያውቀው ቮልትን ነው። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ 240 ሲሰጠው 4.2 ገደማ ይስባል። ሃያ ቮልት ትንሽ ትመስላለች፤ ኃይሉ ግን በአንድ አምስተኛ ይጨምራል፣ እንጀራሽም ዓይን ሳያወጣ ሥሩ ያርራል። 803ኤ ውጤቱን የሚቀይር መዞሪያ አለው፦ ባለ 120፣ ባለ 120/240 እና ባለ ሦስት ፌዝ 120/208። አንቺ የምትፈልጊው 120/240ውን ነው፤ ምጣዱን 240 በሚያሳዩት በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ታስሪያለሽ። ከዚያ በቮልት ማስተካከያዋ ወደ 230 አካባቢ ዝቅ አድርጊው፤ ምጣዱ 3.8 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። መዞሪያው ሞተሩ ቆሞ እያለ ብቻ ነው የሚነካው። ምጣዱን ከሁለቱ ምሰሶዎች በአንዱና በኑሉ (በጋራው መመለሻ) መካከል ካሰርሽው 120 ብቻ ያገኛል፤ ምጣዱ ለብ ብሎ ይቀርና ሊጡ ሊጥ እንደሆነ ያድራል።

ማቡኪያው ሌላ ነገር ነው። የ50 ኸርዝ ሞተር በ60 አንድ አምስተኛ ፈጥኖ ይዞራል። ሊጡ ያው ሊጥ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ይሞቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ 12 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በ10 ቀይሪው፣ ፍጥነቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ችግሩ መብራት ሲመጣ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ለማቡኪያ ይህ ጉዳት የለውም። ፍሪጁ ጀርባው ላይ 50/60 የሚል ካለው ግድ የለም። 50 ብቻ ካለ ከዚህ ጀነሬተር አርቂው፤ ኮምፕረሰር ከፊልትሮ ይወደዳል። «ሞተሩን ወደ 1,500 ዙር አውርደን 50 ኸርዝ እናድርገው» የሚል መካኒክ ይመጣልሻል። ይቻላል፣ ግን ቮልቱንም ወደ 200 አብረሽ ካላወረድሽ ጥቅሉ ከልክ በላይ ይግላል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ለምጣድ ብለሽ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አትግቢ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። ጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ደጀን ሽቅብ ሳይወጣ ስለ መኪና የሚመሰክር ሰው ምስክርነቱ አይያዝለትም። ጀነሬተርም በባዶ ሲሮጥ ሁሉም ጥሩ ነው። ነጋዴ በባዶ ያስነሳልሻል፣ ጭሱ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አንቺም «ደህና ነው» ብለሽ ትከፍያለሽ። ስለዚህ ምጣድሽን ይዘሽ ሂጂ። አንዱን አይደለም፣ ሁለቱን። ባዶ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ስታግዪው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሊጥም ይዘሽ ሂጂ። ማሰሻሽን፣ ጎመን ዘርሽን፣ አክንባሎሽን ያዢና እዚያው ግቢ ጋግሪ። የነጋዴው ሠራተኞች ይበላሉ፣ ጀነሬተሩም ይፈተናል። ለዚህ ሥራ ከምጣድ የተሻለ ሸክም አላውቅም፤ ትልልቅ ድርጅቶች ለሙከራ የሚገዙት የሸክም ሳጥን እኮ በውስጡ ያለው የሚግል ሽቦ ነው።

መጀመሪያ በባዶ አስነሺና አምስት ደቂቃ ይሙቅ። ኸርዙን ለኪ፤ 61 ወይም 62 ቢሆን ልክ ነው፣ ሸክም ሲመጣ ወደ 60 የሚወርድበት ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ አንድ ምጣድ አብሪ። ሞተሩ ለአፍታ «እህ» ብሎ ይመለሳል፤ መመለስ አለበት። ቮልቱን እዪ። ዝቅ ብሎ እዚያው ከቀረ ኤቪአሩ፣ ኸርዙም አብሮ ከወረደ ሞተሩ ነው የሚጠየቀው። ይህችን ልዩነት ካወቅሽ ግማሽ ባለሙያ ሆነሻል፤ ኸርዝ የሞተሩ ምስክር ነው፣ ቮልት ደግሞ የኤሌክትሪኩ። ሁለተኛውን ምጣድ ጨምሪ። አሁን ወደ 7.6 ኪሎ ዋት ተሸክሟል፤ ሸክሙን በመቶኛ የሚያሳየው ሜትር ሰባዎቹ ውስጥ ይቆማል። ኸርዙ 60 አካባቢ ረግቶ ከያዘ ጥሩ ነው። 57፣ 56 እያለ ከሰመጠና ጥቁር ጭስ ከተፋ፣ ወይ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይ ናፍጣ አጥሮታል፣ ወይ ናፍጣ የሚረጩት ኢኔቶሮች ደክመዋል።

እንዲህ አንድ ሰዓት ይቆይ። ብዙ ገዢ እዚህ ላይ ይሰላቻል። የሚፈላ ራዲያተር፣ ሲግል የሚከዳ ሴንሰር፣ ሲሞቅ ብቻ የሚወርድ የዘይት ግፊት፣ ሁሉም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው የሚታዩት። በዚህ መሐል የዘይት መሙያውን ክዳን ላላ አድርገሽ እጅሽን ከላይ አቅርቢ። ትንሽ ትንፋሽ ይኖራል። እንደ ማንቆርቆሪያ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ጭስ የሚገፋ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። የራዲያተሩን ክዳን ግን ትኩስ እያለ እንዳትከፍቺ፤ በእኛ ደጋ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ከቆላው ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል፣ ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ማርሚታውን መጀመሪያም መጨረሻም እዪው። የወታደር ጀነሬተር ብዙ ጊዜ የሞተው በሥራ ብዛት አይደለም፣ በሥራ ማነስ ነው። አሥር ኪሎ ዋቱ ቆሞ ለአንድ ሬዲዮና ለአራት አምፖል ሌሊቱን ሲያድር ሞተሩ በቅጡ አይግልም፣ ናፍጣው አልቆ አይነድም፣ ያልነደደው ከዘይት ጋር ተለውሶ በማርሚታው አፍ እንደ ሬንጅ ይንጠባጠባል። ይህን ካየሽ አትደንግጪ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ተጠቀሚበት። ከሁለት ምጣድ ጋር ጥቂት ሰዓት ሲሠራ ነጭ ሰማያዊ ጭሱ እየሳሳ ከሄደ ሞተሩ ራሱን እያጠበ ነው። ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላም ያው ከሆነ ውስጡ ተበልቷል።

ሦስተኛው ምጣድስ? አይሆንም። በ230 ሦስቱ 11.5 ኪሎ ዋት ይሆናሉ፣ ታርጋው 10 ነው። ያ 10 ደግሞ የደምበጫ 10 አይደለም። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር የሚነፍሰውን ያህል ነው የሚሠራው። ፋብሪካው ለሞተሩ የተወሰነ ትርፍ ቢተውለትም እኔ በ8 ነው የማስበው። ሁለት ምጣድ፣ ወይም አንድ ምጣድና ማቡኪያው። ማቡኪያውን ሁልጊዜ ቀድመሽ አስነሺ፤ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከልኩ አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፣ ምጣዱ ቀድሞ ከበራ ጀነሬተሩ ይሰናከላል። ለሦስቱም ካልሽ ከዚሁ ዘር 15 ኪሎ ዋት የሆነው 804ኤ አለ፤ እሱ 50ም 60ም ኸርዝ ያወጣል፣ ለእኛ አገር የሚስማማውም እሱ ነው። ካገኘሽ ማለት ነው።

ስለ ናፍጣው ግን አንዴ ቁጭ ብለሽ አስቢ። ሁለት ምጣድ ስትጋግሪ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ይጠጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው፤ ከዚያ ለምጣድሽ የሚደርሰው ከ3 አያልፍም፣ ሌላው በማርሚታና በራዲያተር ይወጣል። ሙቀት አቃጥለሽ መብራት ሠርተሽ፣ መብራቱን መልሰሽ ሙቀት ማድረግ ነው። ደንበኛ እንዳያመልጥ መብራት በጠፋ ሰዓት ለማሟያ ከሆነ እሺ። ቀኑን ሙሉ በእሱ እጋግራለሁ ካልሽ ግን በሰዓት ስንት እንጀራ እንደምታወጪ ቁጠሪና ከናፍጣው ዋጋ ጋር አስተያዪው፤ እኔ ስንቱን ወፍጮ ቤት አይቻለሁ፣ ጀነሬተሩ ሳይበላሽ ባለቤቱ የተበላሸ።

መለዋወጫ ጠይቀሽኛል ብዬ ልቁጠረውና፦ ሊስተር የሚለው ስም ለወፍጮ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም፣ ግን የጥንቱ በዝግታ ዱግ ዱግ የሚለው ሊስተርና ይሄ አንድ ስም እንጂ አንድ ዕቃ የላቸውም። «የሊስተር ዕቃ ሞልቷል» ሲልሽ የየትኛው ሊስተር ብለሽ ጠይቂ። ፊልትሮና ቺንጋ ይመሳሰላል፣ ይገኛል። የኤሌክትሪኩ ሳጥን ውስጥ ያለው ግን ከውጭ ካልመጣ አይገኝም፤ ለዚህ ነው ሁሉንም በሙከራው ቀን አሠርተሽ እዪ የምልሽ።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው በእጁ ያለው የሩሲያ ወታደር ጀነሬተር ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዳንዶቹ ባለ ሦስት ፌዝ 230 ናቸው፤ 230 የሚገኘው በሁለት ፌዝ መካከል ነው፣ ከፌዝ ወደ ኑል 133 ነው። ባለ 400 ቮልት ከሆኑት ነው የቤታችን ዓይነት 230 ከኑል ጋር የሚገኘው። ብዙዎቹ ደግሞ ኑላቸው ከመሬት ጋር አልታሰረም፤ አንድ ሽቦ ቢላጥ ብሬከሩ አይወድቅም፣ ሁለተኛው ሲላጥ ነው ሰው የሚይዘው። እነሱም ውስጥ ባለ 400 ኸርዝ አለ።

ገዝተሽ ቤት ስታስገቢው መስመርሽን ከቆጣሪው ጋር ያለ ቼንጅ ኦቨር (ከቆጣሪና ከጀነሬተር አንዱን ብቻ የሚያገናኝ መቀያየሪያ) እንዳታያይዢ። ከጀነሬተርሽ የወጣው 230 በቆጣሪሽ ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሆኖ ይወጣል፤ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ የሰው ልጅ ነው። የመሬት ዘንጉንም እርጥብ ቦታ አስቀብሪ። ማርሚታውን ከጋገራው ክፍል አርቂ፤ ግማሽ ቶን አካባቢ የሚመዝን ነገር ስለሆነ አንዴ ካስቀመጥሽው መልሶ ማንሳቱ ይከብዳል፣ ቦታውን ቀድመሽ ምረጪ።

ለአሁኑ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ነገ ሄደሽ የታርጋውን ፎቶ አንሺ፤ ቆሻሻ ከሸፈነው በናፍጣ በረጠበ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጊው። ቁጥሩ 803፣ ኸርዙ 60 ከሆነ ምጣድሽን ጫኚ። 400 ከሆነ ሊጡን አታቡኪው።